ሙከራ ለምን? የኤም-ፔሳ አጀማመር ለነጋዴው

ሙሉ ኮንቴይነር ከማዘዝ በፊት ጥቂት ካርቶን አስመጥቶ ገበያውን ማየት ለመርካቶ ነጋዴ እንግዳ አይደለም። ችግሩ ከሙከራው የሚጠበቀው መልስ ላይ ነው። አብዛኛው ሰው «ተሸጠ ወይስ አልተሸጠም?» ብሎ ያበቃል። ዕቃውን ማን እንደገዛው፣ ለምንስ እንዳዋለው የሚከታተል ጥቂት ነው።

የኬንያው ኤም-ፔሳ ለዚህ ጥሩ ማስረጃ ይሆናል። ቮዳፎንና ሳፋሪኮም እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 2005 ሙከራውን ሲጀምሩ ዋና ዓላማቸው ሐዋላ አልነበረም። ፋውሉ ከተባለው አነስተኛ አበዳሪ ተቋም የተበደሩ ሰዎች ዕዳቸውን በሞባይል ስልክ እንዲከፍሉ ነበር የታሰበው። ከወጪው ከፊሉን የእንግሊዝ መንግሥት በእርዳታ ሸፈነ። ሥራው በናይሮቢና በቲካ ተወስኖ፣ ከ500 በማይበልጡ ደንበኞች ተካሄደ።

በጥቂት ወራት ውስጥ የታየው ግን ሌላ ነው። ደንበኞቹ እርስ በርስ ገንዘብ መላላክ ጀመሩ። አንዳንዱ በንግዱ ይከፋፈልበታል፤ ሌላው መንገድ ሲወጣ ጥሬ ገንዘቡን ለወኪል ገቢ አድርጎ ሲደርስ ያወጣዋል፤ ሌባ ያለበት መንገድ ይህን ያስተምራል። የተወጠነው የብድር አከፋፈል ግን ከአበዳሪው የሒሳብ አያያዝና ከተበዳሪዎቹ የቡድን ስብሰባ ልማድ ጋር አልጣጣም አለ።

ኩባንያዎቹ ብድሩን ወደ ጎን ትተው ገበያው ራሱ ያሳያቸውን ያዙ። አገልግሎቱ በማርች 2007 በመላ ኬንያ ሲከፈት ማስታወቂያው የሚያወራው ለቤተሰብ ገንዘብ ስለመላክ ነበር። በ2023 ኢትዮጵያ የገባውም ይኸው አገልግሎት ነው። በ2005 በቀጥታ ሀገር አቀፍ የብድር መክፈያ ሆኖ ተዘርግቶ ቢሆን ኖሮ፣ ስህተቱን ለማረም የሚጠይቀው ወጪ እጅግ በከበደ ነበር።

እዚህ ላይ ነጋዴው ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። በነፃ የተሰጠ ናሙና ሙከራ አይባልም፤ ነፃ ነገር ማን ይጠላል? የወዳጅ ዘመድ ምስጋናም እንዲሁ። ሙከራው በትክክለኛው ዋጋ፣ ለማያውቁት ገዢ መሸጥ አለበት። ቢከስር የሚታጣው ገንዘብ መጠንም ሥራው ሳይጀመር ይወሰን፤ ሥራው ከሞቀ በኋላ «ትንሽ ልጨምርበት» ማለት አይቀርምና። ከሁሉ በላይ መመዝገብ ያለበት የመጀመሪያው ሳምንት ሽያጭ ሳይሆን ተመልሶ የመጣው ገዢ ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያውን ግዢ ጉጉትም ያስገዛልና።