ሞተር አጣቢው ጠርሙስ እውነት ካርቦን ያነሳል?

በዚህ ገጽ አብዛኛውን ጊዜ የምንማማረው ስለ ኮንትራት፣ ስለ ሐዋላና ስለ ጤና ነው። ዛሬ ስለ ሞተር ልጽፍ ነው ስላችሁ ሳትስቁ አትቀሩም። የቤት ሠራተኛን ከሞተር ጋር ምን አገናኛት? እንዴ፣ ገንዘቧ ነዋ! ከመካከላችን ለወንድሟ ባጃጅ የገዛች፣ ለባሏ የሚኒባስ ድርሻ የከፈለች ስንቷ ናት? ዕቃው ሲበላሽ ደግሞ የሚደወለው ለኛ ነው።

ወንድሜ ኮምቦልቻ ባጃጅ ይነዳል። ባጃጁ የተገዛው በኔ የሁለት ዓመት ደመወዝና በእናታችን እቁብ ነው። የቤቱ አስቤዛ የሚወጣው ከሱ ነው። ክረምት ላይ ደወለና «ባጃጁ ጉልበት አጣ፣ ዳገት አልወጣም እያለ ነው፣ ያጨሳል። ካርቦን ይዞታል አሉኝ። እናንተ ጋ ነዳጅ ውስጥ የሚጨመር ሞተር የሚያጥብ መድኃኒት አለ አይደል? አሥራ ሁለት ጠርሙስ ላኪልኝ» አለኝ። ከማዳም ጋር ዕቃ ልንገዛ ስንወጣ ዋጋውን አየሁት፣ አንዱ 40 ሪያል። አሥራ ሁለቱ 480 ሪያል መሆኑ ነው። የኔ ደመወዝ 1000 ሪያል ነው። የአሥራ አምስት ቀን ልፋት በጠርሙስ!

እኔ በምሠራበት አል ራዋቢ ያለው የቤቱ ሾፌር ሱዳናዊ ሽማግሌ ነው፣ አሞ እለዋለሁ። ከሾፌርነቱ በፊት አገሩ ላይ መካኒክ ነበረ። ያንኑ ዓይነት ጠርሙስ የማዳም መኪና ውስጥ ሲጨምር አይቼው ስለነበር ጠየቅኩት። «ከመግዛትሽ በፊት ጭሱ ምን ዓይነት ቀለም እንዳለው ጠይቂው» አለኝ። ይቺ አንዲት ጥያቄ ነች ይሄን ሁሉ ያስጠናችኝ። ማታ ማታ በስልኬ አነባለሁ፣ ያልገባኝን ጠዋት እሱን እጠይቃለሁ።

መጀመሪያ ካርቦን ምንድን ነው የሚለውን እንይ። አሥረኛ ክፍል ኬሚስትሪ የተማራችሁ ታስታውሱታላችሁ። ቤንዚን የሃይድሮጅንና የካርቦን ውሕድ ነው። በቂ አየር አግኝቶ ሲነድ ወደ ውኃ ተንና ወደ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይለወጣል። አየሩ ሲያንሰው ግን ያልነደደው ካርቦን ጥላሸት ሆኖ ይቀራል። እንጨት ላይ የተጣደ ድስት ቂጡ የሚጠቁረው በዚሁ ነው። ሞተር ውስጥ ደግሞ ጥላሸቱ ከዘይት ጋር እየተለወሰ በሙቀት ይጋገራል። የፉርኖ ወለል ላይ ቅባት ፈሶ ሲከርም የሚሆነውን አስቡት፣ ሽቦ እንኳ አያነሳውም። ይህ ቅርፊት ነዳጅ በሚረጨው ኖዝል ጫፍ፣ በማስገቢያው ቫልቭ ጀርባ፣ በፒስተኑ አናትና በካንዴላው ላይ ይይዛል።

ታዲያ ጠርሙሱ ይሠራል ወይስ ውሸት ነው? ሁለቱንም የሚሉ ሰዎች አሉ፣ ሁለቱም በከፊል እውነት አላቸው። በደንብ የተመሰከረለት ፖሊኢተርአሚን የሚባለው ንጥረ ነገር ነው። አሠራሩ እንደ ሳሙና ነው፣ አንድ ጫፉ ቆሻሻውን ይይዛል፣ ሌላው ጫፉ ቤንዚኑ ውስጥ ይሟሟል። ሙቀት ስለሚችል ፒስተኑ ድረስ ይደርሳል። ርካሽ ከሆኑት ብዙዎቹ ግን አብዛኛው ፈሳሻቸው ከላምባ ብዙም የማይለይ ማሟሟቻ ነው። ስለዚህ ጀርባው ላይ የተጻፈውን ማንበብ ነው፣ ማስታወቂያውን አይደለም።

መሥራቱ የተረጋገጠው በወሬ ሳይሆን በሚዛን ነው። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የቢ ኤም ደብሊው መኪናዎች ቫልቮች ካርቦን እየያዙ አስቸገሩ። ኩባንያው መኪናዎቹን 10,000 ማይል፣ ማለትም 16,000 ኪሎ ሜትር ያህል አስነድቶ ቫልቮቹን እያስፈታ አስመዘነ። አንዱ ቫልቭ ላይ ያለው ቆሻሻ በአማካይ ከ100 ሚሊግራም ካልበለጠ ነዳጁ ጥሩ ነው ተባለ። ከዚያ እ.ኤ.አ. ከ1995 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ማንኛውም የሚሸጥ ቤንዚን ማጽጃ እንዲኖረው አስገደደ። የአሜሪካ የአሽከርካሪዎች ማኅበር በ2016 ሲፈትን ደግሞ፣ በቂ ማጽጃ የሌለው ቤንዚን ከ6,400 ኪሎ ሜትር በኋላ ተጨማሪ ማጽጃ ካለው 19 እጥፍ ቆሻሻ ጥሎ ተገኘ። እንግዲህ ማጽጃ የሚባለው ነገር ተረት አይደለም። ሆኖም ልብ በሉ፣ የሚለካው በሺህ በሚቆጠር ኪሎ ሜትር ነው። ዛሬ ጨምሬ ነገ ዳገቱን ይወጣል የሚባል አይደለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ላንሳ። ፉርኖ ማጽጃ ስትረጩ የምትረጩት ቆሻሻው ላይ ነው አይደል? ግድግዳ ላይ ረጭታ ፉርኖው ይጸዳል ብላ የምትጠብቅ የለችም። ሞተርም እንደዚያው ነው። ማጽጃው የሚያጸዳው የነካውን ብቻ ነው፣ የሚነካው ደግሞ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ነው። በካርቡሬተር በሚሠራ ሞተርና ኖዝሉ ከቫልቩ ፊት በሆነ መኪና ቤንዚኑ ቫልቩን እያጠበ ያልፋል። ብዙ አዳዲስ መኪናዎች ላይ ግን ነዳጁ ቀጥታ ሲሊንደሩ ውስጥ ይረጫል፣ የማስገቢያውን ቫልቭ ጭራሽ አይነካውም። ቫልቩ በዘይት ተን ይጠቁራል፣ አንድ ካርቶን ጠርሙስ ታንክ ውስጥ ብትገለብጡ የቫልቩ ቅርፊት ንቅንቅ አይልም። እንዲህ ያለውን በጋራዥ የተፈጨ የዋልነት ቅርፊት በአየር ግፊት እየነፉ ነው የሚያጸዱት። ማዳሞቻችን ኬክ ውስጥ የሚጨምሩት ጆዝ እኮ ነው! የሱ ቅርፊት ካርቦኑን ይፍቃል፣ ብረቱን ግን አይጭርም። ቶዮታ በአንዳንድ ሞተሮቹ ላይ ሁለቱንም ዓይነት ኖዝል አድርጓል፣ አንዱ ጥቅሙ ይኸው ቫልቭ መታጠቡ ነው።

በዚህ አካሄድ የወንድሜ ጥያቄ ሞኝነት አልነበረም። የሱ ባጃጅ አራት ምት ሆኖ በካርቡሬተር የሚሠራ ነው፣ ጠርሙሱ ሊነካው ይችላል። (የድሮው ሁለት ምት ባጃጅ ሌላ ነው። ዘይቱ ከቤንዚኑ ጋር ስለሚነድ ማርሚታው ራሱ በካርቦን ይደፈናል፣ እዚያ ድረስ የሚያጸዳ ጠርሙስ የለም፣ ፈትቶ መጥረግ ነው።) ግን የአሞን ጥያቄ ስጠይቀው «ሰማያዊ ነው፣ ዘይትም ቶሎ ቶሎ ይጨርሳል» አለኝ።

ይሄን ያዙልኝ። ጥቁር ጭስ ማለት ነዳጅ በዝቷል ወይም አየር አንሷል ማለት ነው፣ ብዙ ጊዜ የአየር ፊልትሮው በአቧራ ተደፍኖ ይሆናል። በውኃ በሚቀዘቅዝ ሞተር የማያቋርጥ ነጭ ጭስ ከታየ ውኃ እየገባ ሊሆን ይችላል። ሰማያዊ ጭስ ግን ዘይት እየነደደ ነው። ዘይቱ የሚገባው ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ መካኒኮች ፋሻ የሚሉት፣ ሲያልቅ ወይም የቫልቩ ጎማ ሲደርቅ ነው። ያለቀ ብረት በመድኃኒት አይመለስም።

ይህንን ስነግረው ተቆጣ። «ገንዘቡን ሰስተሽ ነው፣ ከመቼ ወዲህ ነው አንቺ መካኒክ የሆንሽው?» አለኝ። እውነቱን ለመናገር አለቀስኩ። ለሱ ብዬ ስንት ነገር ትቼ፣ ስስታም መባል ያማል። ሁለት ሳምንት አልተደዋወልንም። እናቴ ናት በመሀል ገብታ «እስቲ የምትለውን አንድ ቀን አስሞክር» ያለችው። ምርመራው ቀላል ነው፣ አሞ እንደነገረኝ ነው የነገርኳቸው። የሞተሩ ግፊት ይለካል። ከዚያ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ ዘይት ጨምሮ እንደገና መለካት ነው። ግፊቱ ዘይቱን ሲያገኝ ከፍ ካለ ፋሻው አልቋል። የወንድሜ ባጃጅ ከፍ አለ።

ቴስታታው ሲከፈት ፒስተኑ አናት ላይ ካርቦኑ ተጋግሮ ተገኘ። ወንድሜ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና «አላልኩሽም?» አለ። ልክ ነበር፣ ካርቦኑ ነበረ። ግን ያመጣው ፋሻው ያሳለፈው ዘይት ነው። ቢታጠብ እንኳ በወሩ ተመልሶ ይይዝ ነበር። መካኒኩ ፍቆ አነሳው፣ ፋሻ ቀየረ፣ የአየር ፊልትሮውንም ለወጠ። የጠየቀው ዋጋ ከአሥራ ሁለቱ ጠርሙስ ግማሹን አይሞላም።

ስለ መጠኑም ልንገራችሁ፣ አገር ቤት የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። 350 ሚሊ ሊትር የሚይዘው ጠርሙስ ለ60 ሊትር ታንክ የተመጠነ ነው እንበል። የባጃጅ ታንክ 8 ሊትር ያህል ነው። ስታካፍሉት ለአንድ ሙሌት ሦስት የሾርባ ማንኪያ ገደማ ነው የሚደርሰው። አንዱ ጠርሙስ ለሰባት ሙሌት ይበቃል ማለት ነው፣ አሥራ ሁለቱን ምን ሊያደርገው ነበር? ሲበዛ ደግሞ የበለጠ አያጸዳም። እዚህ ቀዩን 95 ቤንዚን ከአረንጓዴው 91 የበለጠ ሞተር ያጸዳል የሚሉም አሉ። ቁጥሩ ቤንዚኑ ያለጊዜው ፈንድቶ ሞተሩን እንዳያንኳኳ የመቋቋም አቅሙ ነው እንጂ የንጽሕና አይደለም። አገር ቤት በሃይላንድ የሚሸጠው ቤንዚን ላምባ ከተቀላቀለበት ግን ጥላሸቱ ይብሳል። እዚያ ላይ መጠንቀቅ ከጠርሙስ ይሻላል።

ዘይት ውስጥ የሚጨመሩት ሌላ ዓይነት ናቸው፣ አታምታቱአቸው። እ.ኤ.አ. በ1997 የአሜሪካ የንግድ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ስሊክ 50 የተባለውን የዘይት ጭማሪ የሚሸጡትን፣ ማስረጃ የሌለው ማስታወቂያ ነግራችኋል ብሎ ከሷቸው በስምምነት ነው ያለቀው።

ወደ አገር የምትገቡ ደግሞ አደራ! ይህ ፈሳሽ እሳት ይይዛል። በአውሮፕላን በሻንጣም በእጅም መያዝ ክልክል ነው፣ ሰው «አድርሺልኝ» ቢላችሁ እንቢ በሉ። ሾፌሩ ጠርሙሱን ኩሽና ቢያስቀምጥ ከምድጃው አርቁት፣ እጃችሁን ከነካ በሳሙና ታጠቡ። ከክሎሮክስ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን አታስቀምጡት። ክሎሮክስን ከሽንት ቤት አሲድ ጋር የምትቀላቅሉም ተዉ፣ የሚወጣው ጋዝ ሳንባ ያቃጥላል። ይሄ ከሞተር ጋር አይገናኝም፣ ግን ካነሳሁት አይቀር ብዬ ነው።

ባጃጁ አሁን ዳገቱን ይወጣል። ወንድሜም ታርቆኛል፣ በየሳምንቱ የዘይቱን ልክ በፎቶ ይልክልኛል። ሚኒባስ ያላችሁ ግን አብዛኛው ናፍጣ ስለሆነ የቤንዚኑን ጠርሙስ አትላኩ። የናፍጣው ለብቻው ነው፣ ጠርሙሱ ላይ በዐረብኛ «ዲዝል» ይላል።