ሐላል መሆኑን ጠይቀናል፣ ጠይብ መሆኑንስ? ከጃፓን ማዕድ ወደ ድሬዳዋ ገበታ



ውድ አንባቢያን፣ የጤናና የአመጋገብ አምዳችን በዚህ ወር እስከ ጃፓን ይወስድዎታል። ጉዞውን የምንጨርሰው ግን እዚሁ ድሬዳዋ፣ እርስዎ ገበታ ላይ ነው።

ከአገራችን ወደ ጃፓን መሄድ የዛሬ ነገር አይደለም። ብላቴን ጌታ ኅሩይ ወልደ ሥላሴ በ1924 ዓ.ም. የኢትዮጵያ መልእክተኛ ሆነው ወደዚያ ሲጓዙ፣ ከአዲስ አበባ ወደ ባሕር የሚያወርደው መንገድ በድሬዳዋ የሚያልፈው የባቡር ሐዲድ ነበር። ያዩትንም «ማኅደረ ብርሃን ሀገረ ጃፓን» በተባለ መጽሐፍ ጽፈው አስቀርተውልናል። ዛሬ በብዛት የሚሄዱት ተማሪዎች ናቸው። የጃፓን መንግሥት ለውጭ አገር ተማሪዎች የትምህርት ዕድል ይሰጣል፤ እ.ኤ.አ. በ2014 ደግሞ ለአፍሪካ ወጣቶች የማስተርስ ዲግሪ ፕሮግራም ጀምሯል። ልጁን ወደዚያ የሚሸኝ ሙስሊም ወላጅ ከሁሉ በፊት የሚጨነቀው «እዚያ ምን ይበላል?» ብሎ ነው። ጭንቀቱ ተገቢ ነው። መልሱ ግን የሚጠቅመው ለሄደው ልጅ ብቻ ሳይሆን ለቀረነውም ነው።

ቀፊራ ላይ የማንጠይቀው ጥያቄ

ድሬዳዋ ያደገ ሙስሊም ልጅ «ይህ ሐላል ነው?» ብሎ የሚጠይቅበት አጋጣሚ ትንሽ ነው። ሥጋው ከሙስሊም ሥጋ ቤት ይመጣል። ከቀፊራ ገበያ የሚሸመተውን ሩዝ፣ ሽንኩርትና ቅመም እናቱ አሳምራ ታውቀዋለች። ጃፓን በገባ ማግስት ግን ነገሩ ይለወጣል። የዳቦው መጠቅለያ በማያነበው ፊደል የተጻፈ ነው፤ ዳቦው ውስጥም የአሳማ ስብ ሊኖር ይችላል። የከረሜላው ጄላቲን ከአሳማ ቆዳ የተሠራ ሊሆን ይችላል። ራመን ከሚባለው የፓስታ ሾርባ «ቶንኮትሱ» የሚሉት ዓይነት መረቁ የአሳማ አጥንት ተቀቅሎ የሚወጣ ነው። አትክልት ብቻ መስሎ የሚታየው ወጥ እንኳ «ሚሪን» ሊጨመርበት ይችላል። ሚሪን ከሩዝ የሚዘጋጅ ጣፋጭ ማጣፈጫ ሲሆን ዋናው ዓይነት 14 በመቶ ያህል አልኮል አለው። የአኩሪ አተር ስጎም ሲብላላ በራሱ ጥቂት አልኮል ያወጣል፤ አንዳንዱ ላይ ደግሞ እንዳይበላሽ ተብሎ አልኮል ይጨመርበታል። በዚህ ላይ ዑለሞች የተለያየ አስተያየት አላቸውና፣ ሂያጁ ከመነሳቱ በፊት የሚያምነውን ዓሊም ቢጠይቅ መልካም ነው።

እንግዲህ ስደተኛው የሚማረው የመጀመሪያ ትምህርት መጠየቅና ማንበብ ነው። «ቡታ» አሳማ፣ «ራዶ» የአሳማ ስብ፣ «ሳኬ» አስካሪ መጠጥ መሆኑን ያጠናል። የመጠቅለያውን ጽሑፍ በስልኩ ፎቶ አንስቶ ያስተረጉማል። ሐላል ሥጋና ቅመም የሚሸጡ ሱቆች ያሉበትን፣ በቶኪዮ ሺን ኦኩቦ የተባለውን ሰፈር ይለምዳል። በመስጊዶችም ወንድሞችና እህቶች ያገኛል። የኮቤ መስጊድ እ.ኤ.አ. በ1935 የተከፈተ ነው። የቶኪዮው መስጊድ በ1938 ከሩሲያ በተሰደዱ የታታር ሙስሊሞች ጥረት ተሠርቶ፣ በ2000 በቱርክ እርዳታ እንደ አዲስ ታንጿል።

ባዳው አገር ውስጥ የሚታወቅ ነገር

ሁሉም ነገር ግን ባዳ አይሆንበትም። ጃፓኖች ቤት ሲገቡ ጫማቸውን በር ላይ ያወልቃሉ። መስጊድ ለለመደ ሰው ይህ አዲስ አይደለም። ብዙ መጸዳጃ ቤቶቻቸው ውስጥ የመታጠቢያ ውሃ አለ፤ ይህ ለሙስሊም ትልቅ እፎይታ ነው። ማዕድ ላይ ሲቀርቡ «ኢታዳኪማስ»፣ በልተው ሲጨርሱ «ጎቺሶሳማ» ይላሉ፤ ለምግቡና ላቀረበው ሰው ምስጋና ነው። የእኛ ልጅ ቢስሚላህ ብሎ ጀምሮ አልሐምዱሊላህ ብሎ ሲጨርስ፣ አጠገቡ ያለው ጃፓናዊ የሚገርመው ነገር የለም።

ከሥራ ወይም ከትምህርት ጓደኞች ጋር እራት ሲጠራም ማፈር የለበትም። የማይበላውንና የማይጠጣውን አስቀድሞ በትሕትና ቢናገር ያከብሩለታል። እነሱ ሲጠጡ እሱ «ኡሮን ቻ» የሚባለውን ሻይ ማዘዝ ይችላል። ሲከፉ ከማየት ይልቅ በዝምታ ሐራም መብላት ይሻላል ብሎ የሚያስብ ወጣት ካለ፣ ከመሄዱ በፊት ቤተሰቡ ይምከረው።

ከማዕዳቸው የሚወሰድ

የጃፓን የዘወትር ገበታ ሩዝ፣ ዓሣ፣ አትክልት፣ የባሕር አረምና ከአኩሪ አተር እንደ አይብ የሚረጋው ቶፉ ነው። ምግቡ በትናንሽ ሳህን ለየብቻ ይቀርባል። አረንጓዴ ሻያቸውን ያለ ስኳር ይጠጣሉ። የከተማ ሰው ከቤቱ እስከ ባቡር ጣቢያ፣ ከጣቢያ እስከ ሥራው በእግሩ ይሄዳል። ከአዋቂዎቻቸው መካከል ከልክ ባለፈ ውፍረት የሚቸገሩት ከ100 ሰው 5 ያህል ብቻ ናቸው።

የኦኪናዋ ደሴት ሽማግሌዎች «ሀራ ሀቺ ቡ» የሚሉት አባባል አላቸው። ሆድህ ከ10 እጅ 8 እጅ ሲሞላ ተነሳ ማለት ነው። እኛ ሙስሊሞች ከዚህ የበለጠ አለን። ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቲርሚዚ በዘገቡት ሐዲስ ሆድን ለሦስት ከፍለው አንዱን ለምግብ፣ አንዱን ለመጠጥ፣ አንዱን ለትንፋሽ እንድንተው አስተምረውናል። ትምህርቱ በእጃችን እያለ ተግባሩን ሌላ አገር ማየት ሊያስቆጨን ይገባል።

ልጆቻቸውንም ከትንሽነት ያስለምዳሉ። የትምህርት ቤት ምሳ ሕግ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1954 ነው። ተማሪዎቹ በተራ ምግቡን ለጓደኞቻቸው ያድላሉ፤ መምህሩም አብሮ ይበላል። በ2005 ደግሞ የአመጋገብ ትምህርትን የሚመለከት ሕግ አወጡ።

ጃፓንም የታመመችበት ነገር ነበር

ይህን ስንል የእነሱ ሁሉ ደግ፣ የእኛ ሁሉ ክፉ ነው ማለታችን አይደለም። የተብላላው የአኩሪ አተር ሊጥ፣ ስጎውና በጨው የሚቆየው አትክልት ጨው ያበዛሉ። እ.ኤ.አ. ከ1951 እስከ 1980 ድረስ በጃፓን ብዙ ሰው የሚገድለው በሽታ በደም ግፊት ምክንያት የሚመጣው የጭንቅላት ደም ሥር በሽታ፣ ማለትም ስትሮክ ነበር። የጤና ሠራተኞች በየመንደሩ ግፊት ለኩ፤ የቤት እመቤቶችን ጨው እንዲቀንሱ አስተማሩ። በሽታውም እየቀነሰ ሄደ። ዛሬም ቢሆን አንድ ጃፓናዊ በቀን በአማካይ 10 ግራም ያህል ጨው ይበላል። የዓለም ጤና ድርጅት የሚመክረው ከ5 ግራም በታች ነው፤ ይህም አንድ የሻይ ማንኪያ ልክ ነው። ለእኛ ዋናው ትምህርት፣ ሕዝብ የለመደውን ምግብ ማሻሻል እንደሚችል ነው።

ወደ ድሬ እንመለስ

አላህ (ሱ.ወ) በአል-በቀራ ምዕራፍ አንቀጽ 168 ላይ ሰዎች በምድር ላይ ካለው ነገር ሐላልና ጠይብ የሆነውን፣ ማለትም የተፈቀደውንና መልካሙን እንዲበሉ አዟል። ቃሎቹ ሁለት ናቸው። ጃፓን ያለው ልጃችን ለመጀመሪያው ቃል ሲል እያንዳንዱን መጠቅለያ ይመረምራል። እኛ ደግሞ «ሁሉም ሐላል ነው» ብለን ስለተማመንን ሁለተኛውን ቃል ረስተናል። ስኳር ሐላል ነው፤ ዘይትም ሐላል ነው፤ መጠኑን ግን ማን ይጠይቃል?

እስቲ አንድ ሒሳብ እንሥራ። አንድ የሻይ ማንኪያ ስኳር 4 ግራም ያህል ነው። በአንድ ብርጭቆ ሻይ 3 ማንኪያ የሚጨምር ሰው በቀን 5 ብርጭቆ ቢጠጣ 60 ግራም ስኳር ወሰደ። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ የሚመክረው ከ50 ግራም እንዳያልፍ፣ ቢቻል ወደ 25 ግራም እንዲወርድ ነው። በርጫ ላይ የሚጠጣው ለስላሳ፣ ከሰዓት በኋላ የሚቀመሰው ሙሸበክና ሐላዋ ገና አልተቆጠሩም። አንድ ጠርሙስ ለስላሳ ብቻውን 30 ግራም ገደማ ስኳር ይይዛል። ጠዋት ፈጢራ፣ በረመዷን ማታ ማታ ሳምቡሳ ሲጨመር የዘይቱን ነገር ለእርስዎ እንተወዋለን። የስኳር በሽታና የደም ግፊት ቤታችን የሚገቡት በዚህ በር ነው።

ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ የሚከተሉትን ይሞክሩ፦

1. በየሳምንቱ ከሻይዎ ላይ ግማሽ ማንኪያ ስኳር ይቀንሱ። ምላስ ቀስ በቀስ ይለምዳል።

2. በድሬ ሙቀት ጥምዎን በውሃ ይቁረጡ። ለስላሳውን ለእንግዳ ቀን ያቆዩት።

3. ማፍጠሪያ ላይ በተምርና በውሃ ይጀምሩ፤ ሾርባ ያስከትሉ። ሳምቡሳውን በቁጥር ያድርጉት።

4. ጨው ወጥ ውስጥ ከተጨመረ በኋላ ማዕድ ላይ አይድገሙ።

5. ከዒሻ ሶላት በኋላ ወደ ቤትዎ በእግር ይመለሱ። ከዚራም ይኑሩ ሳቢያን፣ የምሽቱ ነፋስ ለእግረኛ ይመቻል።

6. ዕድሜዎ ከ40 ካለፈ የደም ግፊትዎንና ስኳርዎን ቢያንስ በዓመት አንድ ጊዜ ያስለኩ። መድኃኒት የጀመረ ሰው ግን ምግቤን አስተካከልኩ ብሎ ያለ ሐኪም ምክር አያቋርጥ።

ልጅዎ ከጃፓን ሲደውል «የምትበላው ሐላል ነው ወይ?» ብለው ይጠይቁታል፤ መጠየቅም ይገባዎታል። እሱም በተራው «እማዬ፣ አባዬ፣ ሻያችሁ ላይ ስንት ማንኪያ ነው?» ብሎ ቢጠይቅዎ አይቆጡት። ሰውነታችን አላህ የሰጠን አማና ነው፤ በቂያማ ቀንም እንጠየቅበታለን።

አላህ ሐላሉን ከጠይቡ ጋር ይስጠን፤ በሰው አገር ያሉ ልጆቻችንን በዲናቸውም በጤናቸውም ይጠብቅልን። አሚን! ወላሁ አዕለም።