ስለ ብርቅ ስኳር አሠራር

ስኳር ሲባል ዓይነቱ አንድ ብቻ እንዳይመስል። በተፈጥሮ እጅግ ጥቂት ሆኖ የሚገኝ አሉሎዝ የሚባል አለ፤ ጣፋጭነቱ ከተራው ስኳር ከመቶ 70 እጅ ያህል ሲሆን፣ ሰውነት አብዛኛውን ሳይጠቀምበት በሽንት ስለሚያስወጣው የስኳር ሕመምተኛን ደም እንደ ተራው ስኳር አያናውጥም።

ይህን የሚሠራው ባክቴሪያ በአውሮፓ አቆጣጠር በ1991 ዓ.ም. በጃፓን አገር በካጋዋ ዩኒቨርሲቲ ግቢ ተገኘ። ፕሮፌሰር ኬን ኢዙሞሪ ያገኙት ከሩቅ አይደለም፤ ሰው ሁሉ ከሚረግጠው አፈር ነው። ኤንዛይሙ ከበቆሎ ሊወጣ የሚችለውን ፍሩክቶዝን በሦስተኛው ካርቦን ላይ ገልብጦ አሉሎዝ ያደርገዋል። ነገር ግን አሉሎዙም መልሶ ፍሩክቶዝ ስለሚሆን፣ ከአራት እጅ አንዱ ያህል ብቻ ተለውጦ ሥራው በዚያው ይረጋል። ስለዚህ ብርቱው ድካም ሁለቱን መለየቱ ነው፤ ፋብሪካ ላቁም ብሎ የሚመጣ ሰው ቢኖር አስቀድሞ ይህን ይጠየቅ።