ያለ ወሩ የተወለደ ሕፃንና የእናት እጅ

ጓደኞቻችን ሆይ፤ እኛ የሥነ ጽሑፍና የታሪክ ተማሪዎች ስለ ሕፃናት ሕክምና መጻፋችን «ምን አገባቸው» ያሰኝ ይሆናል። ነገር ግን ከመካከላችን የአንዱ እኅት ባለፈው ክረምት በሰባት ወሯ ተገላግላ፣ ራቅ ባለ ከተማ በሚገኝ አንድ ሆስፒታል ደጃፍ ሦስት ሳምንት ከረመች። ያለበችውን ወተት አቀብላ ትመለሳለች፤ ልጇን ግን በመስተዋት ካልሆነ አታየውም። «አንድ ጊዜ ልንካው?» ብትል «ይታመምብሻል እኅቴ፣ ውጪ ጠብቂ» ተባለች። ለዚህ ጽሑፍ ምክንያት የሆነን ይኸው ጥያቄዋ ነው። ለመሆኑ ያለ ወሩ የተወለደን ሕፃን መንካት ይጎዳዋልን ወይስ ይጠቅመዋል?

37 ሳምንት ሳይሞላው የተወለደ ሕፃን ያለ ወሩ የተወለደ ይባላል። በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚጠራቀመው ስብ ስለሚጎድለው፣ ቆዳውም ስስ ስለሆነ፣ ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። ሙቀቱ ከ36.5 ዲግሪ ሲወርድ፣ ለማደግ የሚያስፈልገውን ጥቂት ጉልበት ለመሞቅ ይጨርሰዋል፤ መጥባትም መተንፈስም ያቅተዋል። በደጋ አገር ይህ ይብሳል። ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ያህል ከፍታ ላይ ትገኛለች፤ የጉና ተራራ ከ4,000 ሜትር ያልፋል፤ የላይ ጋይንት ከተማማ ስሟ ራሱ ንፋስ መውጫ ነው። ከፋርጣ ወይም ከጋይንት ገጠር በጋቢ ተጠቅልሎ ወደ ደብረ ታቦር ሆስፒታል የጨቅላ ሕፃናት ጽኑ ሕክምና ክፍል ለሚመጣ ሕፃን የመጀመሪያ ጠላቱ ብርድ ነው።

በብርድ ላይ የእናት ገላ ምን ያህል እንደሚረዳ የታወቀው ከችግር የተነሣ ነው። በፈረንጅ አቆጣጠር በ1978 በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ፣ የማሞቂያ ሣጥን ቢያጥር ዶክተር ኤድጋር ሬይ ሕፃናቱን ራቁታቸውን በእናቶቻቸው ደረት ላይ ማሳቀፍ ጀመሩ። ልጇን በከረጢቷ በምትይዘው እንስሳ ስምም የካንጋሮ እንክብካቤ ተባለ። በአገራችንም ዶክተር ቦጋለ ወርቁና ባልደረባቸው በአዲስ አበባ በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል አጥንተውት በ2005 አሳትመዋል፤ በተለመደው አያያዝ ከ100 ሕፃናት 38 ያህሉ ሲሞቱ፣ ቶሎ በእናት ደረት ላይ ከዋሉት የሞቱት 22 ያህል ነበሩ። በ2021 የወጣው፣ በጋና፣ በሕንድ፣ በማላዊ፣ በናይጄሪያና በታንዛኒያ የተደረገው ጥናት ደግሞ፣ ሕፃኑ እስኪጠና ሳይጠበቅ ወዲያው ቢታቀፍ ሞት በሩብ እንደሚቀንስ አሳይቷል። በዚያ ጥናት የእናቲቱ አልጋ የተዘረጋው እዚያው ጽኑ ሕክምና ክፍል ውስጥ መሆኑን ልብ ይሏል።

ከማቀፍ ቀጥሎ ማሸት ይመጣል። በ1986 በአሜሪካ ቲፋኒ ፊልድና ጓደኞቿ ያለ ወራቸው የተወለዱ ሕፃናትን በቀን ሦስት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ፣ ለ10 ቀን አሳሹ። አምስቱን ደቂቃ ከራስ እስከ እግር መዳበስ፣ አምስቱን እጅና እግር ማጠፍና መዘርጋት፣ አምስቱን እንደገና መዳበስ ነው። የታሹት ካልታሹት ይልቅ በቀን 47 በመቶ የበለጠ ክብደት ጨመሩ። ምክንያቱም እንዲህ ይመስላል፤ መጠነኛ ጫና ያለው እጅ ከአንጎል ወደ ሆድ የሚወርደውን ነርቭ ይቀሰቅሳል፤ ጨጓራም በተሻለ ይሠራል። እጅግ የላላ ንክኪ ግን ሕፃኑን ይኮረኩረዋል እንጂ አይረዳውም። የሆነ ሆኖ ማስረጃዎቹን በኋላ የመረመሩ ሊቃውንት ብዙዎቹ ጥናቶች ትንንሽ እንደሆኑና ጥንቃቄ እንደሚያሻቸው ተናግረዋል። ስለዚህ ማሸት ለጠና ሕፃን የሚታከል ረዳት ነው እንጂ የእናት ደረትን፣ የጡት ወተትንና መድኃኒትን አይተካም። ትንፋሹ የሚቆራረጥ ወይም መልኩ የሚለዋወጥ ሕፃን አይታሽም፤ ሲታሽ እንዲህ ቢሆን ወዲያው ይተዋል።

ማሸትማ ለእኛ አገር አዲስ ነገር አይደለም። አያቶቻችን ጨቅላን በቅቤ ሲያሹ አድገናል፤ ሐሳባቸውም ቅን ነበር። ነገር ግን የቤት ቅቤ ጀርም ሊኖርበት ይችላል፤ ስስ ቆዳ ደግሞ ጀርምን አይከላከልም። ቅቤ ማስዋጥማ ጨርሶ ሊቀር ይገባል። ስለዚህ ለእማማ «እጅዎ ደግ ነው፤ ታጥበው፣ ቅቤውን ትተው፣ ሐኪሙን ጠይቀው ይንኩት» ብለን በአክብሮት ማስረዳት የእኛ የተማሪዎቹ ፈንታ ነው።

ከዚህም ሌላ ሦስት ነገር በእጃችን አለ። በመንደራችን ያለ ወሩ የተወለደ ቢኖር፣ በእናቱ ደረት ላይ ገላ ከገላ ታቅፎ፣ ኮፍያ ተደርጎለት፣ ከላይ ጋቢ ተደርቦለት ወደ ሐኪም ቤት እንዲሄድ እንንገር። እናቲቱ ብትታመም የአባት ደረትም ያሞቃልና ወንዶች አንፈር። ነገ በየመሥሪያ ቤቱ የመወሰን ሥልጣን ሲሰጠን፣ ለማሞቂያ መሣሪያ የሚሆን ገንዘብ ስንመድብ የእናቲቱን አልጋ አንርሳ።

የጓደኛችን እኅት በአራተኛው ሳምንት አንዲት ነርስ አስገብታት ልጇን ደረቷ ላይ አኖረችላት። ልጁ ዛሬ ደኅና ነው። ያዳነው ያ ብቻ ነው አንልም፤ ሐኪሞቹም ደክመውለታል። ግን ያለፉትን ሦስት ሳምንታት ማን ይመልስላታል?