የጎጆ ወንድሞች

ውርጌሳ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በውጫሌና በመርሳ መካከል የምትገኝ ከተማ ናት። ከእርስዋ ወደ ደቡብ በዚያው መንገድ ሲኼዱ የሐይቅ ባሕር ይገኛል። በባሕሩ ዳር ባለው በሐይቅ እስጢፋኖስ ገዳም በ13ኛው መቶ ዓመት አባ ኢየሱስ ሞዐ የሚባሉ መምህር ብዙ ደቀ መዛሙርት ሰብስበው ያስተምሩ ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትም ከእነዚያ ደቀ መዛሙርት አንዱ እንደ ነበሩ ይነገራል። እንግዲህ በዚህ አገር ተማሪዎች በአንድነት መኖር ከጀመሩ ከሰባት መቶ ዓመት በላይ ኾኗል።

ፊደል የቈጠረና ዳዊት የደገመ ልጅ ከዚያ በላይ ለመማር ቢፈልግ፣ ዜማ ወይም ቅኔ ወደሚያስተምር መምህር ይኼዳል። መምህሩ ብዙ ጊዜ በሩቅ አገር ስለሚገኝ፣ በቀድሞ ዘመን ልጁ እናት አባቱን ትቶ የብዙ ቀን መንገድ በእግሩ ይጓዝ ነበር። እንደዚህ ያለው ልጅ የቆሎ ተማሪ ይባላል። ልብሱ ደበሎ የሚባል የበግ ለምድ ነበረ፤ ዕቃውም አኮፋዳና የውሻ መከላከያ በትር ነበረ። ማደሪያው ተማሪዎች ራሳቸው የሠሩት የሣር ጎጆ ነው። ወደ መንደር ወጥቶ «በእንተ ስማ ለማርያም» እያለ ይለምናል፤ ይህም «ስለ ማርያም ስም» ማለት ነው። ያገኘውንም ቍራሽ ወደ ጎጆው አምጥቶ ከጓደኞቹ ጋራ ይበላል።

የወሎ እስላሞችም እንደዚህ ያለ ልማድ አላቸው። የቁርኣንና የሃይማኖት ተማሪያቸው ደረሳ ይባላል። በየጁ አገር የሚገኘው ዳና በዚህ ትምህርት የታወቀ ስፍራ ነው። ደረሳውም ከአገሩ ርቆ ከሼኹ ዘንድ ይማራል፤ የመንደሩም ሰው ምግብ ይሰጠዋል።

ወደ ጎጆ ዐዲስ የገባ ተማሪ ኹለት ነገር ያስፈራዋል። አንደኛው የመንደር ውሻ ነው፤ ኹለተኛውም የጓደኞቹ ፌዝ ነው። ውሻው እግሩን ይነክሰዋል፤ ፌዙ ግን ልቡን ይነክሰዋል። ውሻውን በበትሩ ይከላከለዋል፤ ለፌዙ ግን በትር የለውም።

ይህን ለመረዳት ኹለት ጎጆዎችን በምሳሌ ማሰብ ይቻላል። በአንደኛው ጎጆ የቀደሙት ተማሪዎች ዐዲሱን ልጅ ውሃውንም እንጨቱንም ብቻውን ያሸክሙታል። ለምኖ ያመጣውን ይበሉበታል፤ ባነጋገሩም ይሥቁበታል። «ለምን እንዲህ ታደርጋላችኹ?» ተብለው ሲጠየቁ «እኛም ዐዲስ ሳለን እንዲሁ ተደርጎብናል» ብለው ይመልሳሉ። ልጁም ከዕለታት አንድ ቀን ይታመማል። የሚለምንለት ስለሌለ ጦሙን ያድራል። በተሻለውም ጊዜ ትምህርቱን ሳይጨርስ በሌሊት ተነሥቶ ወደ አገሩ ይመለሳል።

በኹለተኛው ጎጆም ታላቁ ተማሪ በልጅነቱ ብዙ ግፍ ደርሶበታል። ነገር ግን ዐዲሱ ልጅ ሲመጣ በልቡ እንዲህ አለ፦ «የበደሉኝ ሌሎች ናቸው፤ ይህ ልጅ ከእኔ ምንም አልተበደረም። ያልተበደረውን ስለምን አስከፍለዋለኹ?» ስለዚህ ክፉ ውሻ ያለበትን ቤት አሳየው። የማታውን ቍራሽ እኩል አካፈለው። ከመምህሩ የተቀበለውንም ቀለም ደጋግሞ አስጠናው። ልጁ በታመመም ጊዜ ጓደኞቹ ተራ ገብተው ለመኑለት። በኋላ እርሱ በተራው ታላቅ ተማሪ ኾነ፤ ዐዲስ የሚመጣውንም ልጅ እንደዚያው አድርጎ ተቀበለ። እንግዲህ ክፉ ልማድ የሚቀረው አንድ ሰው «በእኔ ይብቃ» ሲል ነው።

ይህ ነገር በሌላም አገር ይገኛል። በአሜሪካ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር በ1776 ዓ.ም. በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ የሚማሩ ወጣቶች ፋይ ቤታ ካፓ የሚባል ማኅበር አቋቋሙ። ከዚያም ወዲህ በግሪክ ፊደል የሚጠሩ ብዙ የተማሪ ማኅበሮች ተነሡ። አባሎቻቸውም እርስ በርሳቸው ወንድም ይባባላሉ፤ ብዙዎቹም በአንድ ቤት ይኖራሉ። ነገር ግን በአንዳንዶቹ ዘንድ ዐዲሱን አባል በድብደባና በብዙ መጠጥ መፈተን ልማድ ኾነ። በዚህም ምክንያት የሞቱ ወጣቶች አሉ። ስለዚህ አብዛኞቹ የአሜሪካ ግዛቶች ይህን በሕግ ከልክለዋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር ይባላል፤ ይህም እውነት ነው። ነገር ግን ድር ደካማውንም ዝንብ ያስራል። ማኅበር ኀይሉን በደካማው ላይ ቢያደርግ የወንድማማችነት ስም አይገባውም።

ሰው በተማሪነቱ ያየውን በሸመገለም ጊዜ አይረሳውም። ሐዲስ ዓለማየሁ በ1902 ዓ.ም. በጎጃም ተወልደው በልጅነታቸው የቤተ ክርስቲያን ትምህርት ተማሩ። በኋላም አምባሳደርና ሚኒስትር ኾነው አገራቸውን አገለገሉ። ከብዙ ዓመት በኋላ በ1958 ዓ.ም. ባወጡት «ፍቅር እስከ መቃብር» በሚባለው መጽሐፋቸው የቤተ ክርስቲያን ተማሪን ኑሮ ገልጸው ጻፉ።

በወሎ የመንደር ሰው ኀዘንተኛን ለመርዳትና ሬሳ ለመቅበር የሚተባበርበት ማኅበር ቅሬ ይባላል። በጎጆ ሳለ ቍራሹን እኩል ያካፈለ ልጅ፣ ዐድጎ የቅሬ አባል በኾነ ጊዜ የድኻውን ቀብር ከሀብታሙ ቀብር አያሳንስም። የታመመ ጓደኛውን ያስታመመ ልጅም ጎረቤቱ ሲታመም ደጁን አይዘጋም። በልጅነቱ በእንግዳ ላይ የሣቀ ግን፣ ቢሾም በባለጉዳይ ላይ ይሥቃል።

ዛሬ ከውርጌሳ በስተ ሰሜን በወልድያ ዩኒቨርሲቲ አለ። ከልዩ ልዩ አገር የመጡ ወጣቶች በአንድ ክፍል ያድራሉ። ደበሎውና አኮፋዳው ቀርቷል፤ ዐዲስ የመጣ ሰው ፍርሀት ግን አልቀረም። በትንሹ ትምህርት ቤትም ቢኾን ከሌላ ቀበሌ የመጣ ልጅ በመጀመሪያው ቀን በወንበሩ ጫፍ ብቻውን ይቀመጣል። በዚያን ቀን ጠጋ ብሎ ስሙን የሚጠይቀውና ቆሎውን የሚያካፍለው ልጅ፣ መምህሩ በሰሌዳ ያልጻፈውን ትልቅ ትምህርት ተምሯል።

ጥያቄ።
፩፤ ዐዲስ ተማሪን የሚያስፈሩት ኹለት ነገሮች ምንና ምን ናቸው?
፪፤ የኹለተኛው ጎጆ ታላቅ ተማሪ በልቡ ምን አለ?
፫፤ ቅሬ ምንድር ነው? የጎጆ ኑሮስ ለቅሬ ምን ይጠቅማል?