የአሳማኝ አንቀጽ አጻጻፍ

አሳማኝ አንቀጽ የሚጽፍ ሰው አቋሙን በኃይለ ቃል ይገልጣል፤ የተቃራኒውን ወገን ሐሳብ ይመዝናል፤ በመጨረሻም ይደመድማል። የሚከተለውን አንቀጽ በጥሞና አንብቡ።

«ልጅ በስልኩ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ ወላጅ ከልጁ ጋር ተመካክሮ ሊወስን ይገባል። አይፎን በተባለው ስልክ ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ወላጅ የልጁን ጥሪና መልእክት ስማቸው በስልኩ ከተመዘገበ ሰዎች ጋር ብቻ እንዲሆን ለማድረግ ይችላል። የአደጋ ጊዜ ጥሪ ግን አይከለከልም። ይህም ልጁን ከማያውቀው ሰው ይጠብቀዋል። ይሁን እንጂ ገደቡ የሚሠራው በስልኩ የራሱ አገልግሎት ላይ ስለሆነ በቴሌግራም የሚመጣውን መልእክት አያግድም። ምክንያቱን ሳይረዳ የተከለከለ ልጅ መሸሸግን ሊማር ይችላል፤ ምክንያቱን የተረዳ ልጅ ግን አጠራጣሪ መልእክት ሲደርሰው ለወላጁ ለመናገር አይፈራም። ስለዚህ የስሞቹ ዝርዝር በምክክር ይዘጋጅ፤ ልጁ በዕድሜና በማስተዋል ባደገ ቁጥርም ይስፋ።»

አስተውሉ፤ የመጀመሪያው ዓረፍተ ነገር ኃይለ ቃል ነው። ጸሐፊው የገደቡን ጥቅም ሳይክድ «ይሁን እንጂ» በሚለው አያያዥ ጉድለቱን ያሳያል። «ስለዚህ» የሚለው ደግሞ መደምደሚያውን ያስከትላል።

መልመጃ

1. «ይሁን እንጂ» የሚለውን አውጥታችሁ አንቀጹን እንደገና አንብቡ። የሐሳቡ አካሄድ እንዴት ተለወጠ?

2. «የ12 ዓመት ልጅ ከማን ጋር እንደሚጻጻፍ መወሰን ያለበት ወላጅ ብቻ ነው» የሚል አቋም ይዛችሁ፣ ሁለቱን አያያዦች በመጠቀም አንድ አንቀጽ ጻፉ።