ዝኩኒ እንደ ዱባ አይከርምም

ጥያቄ፦ ከገበያ የምገዛው ዝኩኒ ሳምንት ሳይሞላው ይላሽቃል። ወጥ ሳደርገውም ውሃ ውሃ ይላል። ምን ይሻለኛል? (ከደባርቅ)

መልስ፦ ዱባ ወራት የሚከርመው ጎምርቶ፣ ልጡ ጠንክሮ ስለሚቆረጥ ነው። ዝኩኒ ግን ገና ለጋ ሳለ ይቀጠፋል፤ ልጡ በጥፍር ይቀደዳል፣ ውሃውም ቶሎ ይተናል። ስለዚህ ትንሽ ትንሽ ይግዙ። ሳያጥቡ፣ ከነእጀታው በዘንቢል አድርገው ቀዝቃዛ ጓዳ ያስቀምጡት፤ የደባርቅ ብርድ ለዚህ እንኳ ይጠቅማል። በፌስታል ከታፈነ ይበሰብሳል፤ ማቀዝቀዣም ከ5 ዲግሪ በታች ከሆነ ልጡን ያጎደጉደዋል።

ውሃ ውሃ የሚለው ጠብታ ሳይጨመርበትም ራሱ ውሃ ስለሚያወጣ ነው። ሽንኩርቱን በዘይት አቁላልተው፣ ነጭ ሽንኩርትና እርድ ጨምረው፣ ወፈር አድርገው የከተፉትን ዝኩኒ ጠንከር ባለ እሳት ሳይከድኑ ያማስሉት፤ ጨው መጨረሻ ላይ። በርበሬ ጣዕሙን ይውጠዋል፣ እኔ አልጫውን እመርጣለሁ። ድንች ከገባበት ድንቹ ይቅደም፤ በእናንተ ከፍታ ውሃ 100 ዲግሪ ሳይደርስ ስለሚፈላ ይዘገያል።

ከመክተፍዎ በፊት ጥሬውን ቀመስ ያድርጉ። ከመረረ ይጣሉት፤ ምሬቱ በማብሰል አይጠፋም፣ ሆድም ያውካል።